በዕቃ ስለሚተከሉ ጥድና ዝግባ

በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን በዕለተ ሠሉስ የተገኙት ዕፀዋት በሦስት ወገን ይከፈላሉ፤ ይኸውም በእጅ የሚለቀሙ፣ በማጭድ የሚታጨዱና በምሳር የሚቈረጡ ናቸው። ጥድና ዝግባ ከሦስተኛው ወገን ይቈጠራሉ። በምሳር የሚቈረጥ ሲባል ግንዱ የጸና፣ ሥሩ ወደ ጥልቅ የወረደ፣ ዕድሜውም ከተካዩ ዕድሜ አልፎ የሚሄድ ማለት ነው። አባቶቻችን እነዚህን ዛፎች የተከሉት ለራሳቸው ጥላ ብለው አልነበረም፤ የልጅ ልጆቻቸው ምሰሶና ማገር እንዲያገኙ፣ ለታቦቱም ማደሪያ ግርማ እንዲሆኑ ነው እንጂ። ዛሬ ግን ይህ በምሳር የሚቈረጠው ወገን በእጅ እንደሚለቀመው ወገን በማሰሮ፣ በቆርቆሮ፣ በግማሽ በርሜልና በሲሚንቶ ዕቃ ተተክሎ በየደጀ ሰላሙ ቆሞ ይታያል። ይህን አተካከል አንነቅፈውም። ነገር ግን ሕጉ ሳይታወቅ ስለሚደረግ፣ በክረምት የተተከለው ብዙው ዛፍ በጋው ሳይፈጸም ደርቆ ይጣላል። ስለዚህ ስለ አተካከሉና ስለ አጠባበቁ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ዛፉን ወደ ዕቃ ያስገባው ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው በከተማ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ምእመናናቸው ስለ በዛ ቅጽራቸውን በድንጋይና በሲሚንቶ ማንጠፋቸው ነው፤ የምእመኑ እግር ከጭቃ ዳነ፣ ለዛፍ ሥር ግን መግቢያ አልቀረለትም። ሁለተኛው ምክንያት ለገጠሩም ለከተማውም አንድ ነው፤ ማንኛውም የጥድና የዝግባ ችግኝ ወደ መሬት ከመውጣቱ በፊት አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ በከረጢት ወይም በጣሳ ማደግ ይገባዋል። እንግዲህ ዕቃ ለአንዱ ዛፍ የዕድሜ ልክ ቤት ነው፤ ለሌላው የጡት ማጥቢያ ጊዜ ብቻ ነው። የሁለቱ አያያዝ በአንዳንድ ነገር ቢለያይም መሠረቱ አንድ ስለ ሆነ አብረን እንናገራለን።

መሠረቱም ይህ ነው። በመሬት ላይ ያለ ዛፍ ሲጠማ ሥሩን ሰድዶ ውሃ ይፈልጋል፤ ፀሓይ ሲበረታበት ከሥሩ ያለው ጥልቅ አፈር ቀዝቅዞ ይቆየዋል፤ ምግብ ሲያንሰው ከወደቀው ቅጠልና ከምድር ትል ያገኛል። በዕቃ ያለ ዛፍ ግን ከእነዚህ ሁሉ ተለይቷል። ሥሩን ቢሰድድ የሚያገኘው ግድግዳ ነው። ውሃውም፣ ምግቡም፣ የሥሩም ጥላ ከሰው እጅ ይጠበቃል። መዝሙረኛው በመጀመሪያው መዝሙሩ ጻድቁን ቅጠሉ በማይጠወልግ፣ ውሃ አጠገቡ በሚፈስለት ዛፍ መስሎታል። በዕቃ ለተተከለው ጥድ ግን ወንዙ ባልዲ ተሸክሞ የሚመጣው ሰው ነው። ስለዚህ ዛፍን በዕቃ የሚተክል ሰው ጌጥ ገዛሁ ብሎ ከማሰቡ በፊት ዕዳ እንደ ገባ ይወቅ።

በአገራችን ከዚህ ከጥድ ወገን አገር በቀል የሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የሐበሻ ጥድና ዝግባ ናቸው። በየቦታው አጥር ሆኖ የምናየው የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮና ከአካባቢዋ የመጣ ነው። ስለ ስሙም አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። መጽሐፍ ቅዱስ የሊባኖስ ዝግባ እያለ የሚጠራው፣ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን የሠራበት፣ የጢሮስ ንጉሥ ኪራምም በባሕር የሰደደለት እንጨት በወገኑ ከእኛ ዝግባ ልዩ ነው። ተርጓሚዎቹ በምድራችን ካሉት ዛፎች በቁመቱና በግርማው የሚቀርበውን ፈልገው ስሙን ሰጡት፤ መልካምም አደረጉ፤ የአገራችን ሰው ሊባኖስን ሳያይ የሊባኖስን ክብር በዝግባ ተረድቷልና። ብቻ ይህን ይዞ የእኛን ዝግባ ከሊባኖስ የመጣ ነው የሚል ተናጋሪ ሲያጋጥም አይመንቱት፤ ዝግባችን አፍሪካዊ ነው። የሐበሻ ጥድም ከዓረብ ምድር ተራሮች ጀምሮ በኢትዮጵያ ደጋ አልፎ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ደቡብ ድረስ ይገኛል።

ሁለቱም ዘወትር ለምለም ናቸው ይባላል። ቃሉ እውነት ቢሆንም አንዳንዱን ሰው ያታልለዋል። ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ በበጋ አያርፍም ማለት ነው። ወርካና ዋንዛ ወይም ኮክ ቅጠሉን ሲያራግፍ የውሃ ወጪውን ይቀንሳል፤ ጥድ ግን ቅጠሉን እንደ ያዘ ስለሚቆይ ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ቀን ፀሓይ ሌሊት ውርጭ በሚፈራረቁበት ጊዜ፣ በየቀኑ ውሃ ያወጣል። ወጪው አይታይም። ከዚህም የሚከፋው፣ መጠማቱም የማይታይ መሆኑ ነው። ጎመን ሲጠማ ቅጠሉ ወዲያው ይተኛል፤ ባለቤቱም አይቶ ያጠጣዋል፤ በማግሥቱ ቀና ይላል። ጥድ ግን ቅጠሉ ደረቅና ትንንሽ ስለ ሆነ ሥሩ ከሞተ በኋላ እንኳ ሳምንታት አረንጓዴ መስሎ ይቆማል። ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ በታየ ጊዜ የሚጮኸው ሰው የሚጮኸው በሬሳ ላይ ነው። በብዙ ደብር ዛፉን በሽታ ገደለው፣ ዐይን በላው ሲባል ሰምተናል፤ የገደለው ግን ከወር በፊት የታለፉት የአንድ ሳምንት ቀኖች ነበሩ።

ስለዚህ ማጠጣት በቅጠል አይፈረድም፤ በአፈር ነው እንጂ። ጣትን ሁለት አንጓ ያህል በአፈሩ ውስጥ ማስገባትና ርጥበት መኖሩን መመርመር ነው። ዕቃው ትንሽ ከሆነ አንሥቶ ክብደቱን መመዘን ከጣትም ይሻላል፤ የጠጣና የተጠማ ዕቃ ክብደቱ እጅግ ስለሚለያይ አንድ ሁለት ጊዜ ያነሣው ሰው እጁ ይለምደዋል። በሚያጠጡበት ጊዜ ደግሞ ውሃው ከሥር ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ማጠጣት ነው። አፉን ብቻ ማርጠብ ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ ወደ ላይ የመጣውን ሥር ደግሞ ፀሓይ ያቃጥለዋል። አፈሩ ፈጽሞ ደርቆ ከዕቃው ግድግዳ ከተላቀቀ ውሃው በክፍተቱ ወርዶ በቀዳዳው ይፈስሳል፤ አጠጪውም ጠጣ ብሎ ይሄዳል፣ መካከሉ ግን እንደ ደረቀ ነው። ያን ጊዜ በዝግታ፣ ደጋግሞ፣ በትንሽ በትንሹ ማጠጣት፣ ወይም ትንሹን ዕቃ እንዳለ በውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብቶ አረፋው እስኪያቆም ማቆየት ይገባል። ጊዜው ማለዳ ቢሆን ይመረጣል። በክረምት ግን ይህን ሁሉ ትቶ ውሃ እንዳይተኛበት መጠበቅ ነው፤ በውሃ የታፈነ ሥር እንደ ተጠማ ሥር ይሞታልና፤ ምልክቱም ያው ቡናማነት ነው።

ይህ ሁሉ ከባድ ጥበብ አይደለም። ከባዱ ነገር ሰው ማግኘቱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ እርሱ ተካይ አጵሎስ አጠጪ እንደ ነበሩ፣ የሚያሳድግ ግን እግዚአብሔር እንደ ሆነ አስተምሯል። በእኛ ዘመን ሁሉም ጳውሎስ መሆን ይወድዳል፤ አጵሎስ የሚሆን ግን ተፈልጎ አይገኝም። በመትከያው ቀን ሕዝቡ ይሰበሰባል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በታኅሣሥ ባልዲ ይዞ የሚመጣውን ሰው ግን ፎቶግራፍ የሚያነሣው የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ በአገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ በመንግሥት ተነግሯል። ቁጥሩ ታላቅ ነው፤ ሕዝብን ለመልካም ሥራ ማነሣሣቱም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በደብራችን የምንጠየቀው ስለ ሐምሌው ቁጥር ሳይሆን በሚቀጥለው ሰኔ ስለሚገኘው ቁጥር ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የአንድ ሰው ስም ይኑር እንላለን። ሰበካ ጉባኤው ያጠጣል ማለት ማንም አያጠጣም ማለት ነው። የአብነት ተማሪዎች ያጠጣሉ እየተባለ ሁሉም በእነርሱ ጫንቃ ላይ መጫኑም ትክክል አይደለም፤ እነርሱ ቁራሽ ለምነው፣ ሌሊት ቀለም አጥንተው የሚያድሩ ናቸውና። በሰንበት ትምህርት ቤት ያሉ ወጣቶች፣ ደጅ የሚጠኑ አረጋውያንና አረጋውያት፣ በደብሩ አጠገብ የሚኖሩ ባለ ሱቆች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዕቃ ቢይዙ ሥራው ቀላል ይሆናል። ገበዙ በየሳምንቱ ዞሮ ማየት ይበቃዋል።

ከዚህ ጋር ስለ ስእለት መናገር ይገባናል፤ ነገሩ ለብዙ ምእመናን ሕሊና የሚነካ ነውና። አንዳንዱ ምእመን ስእለቱ ሲደርስለት በዕቃ የተተከለ ጥድ ገዝቶ፣ ዕቃውን ቀለም አስቀብቶ፣ ስሙን አስጽፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጣል። ጃንጥላ፣ መጋረጃ፣ ሻማና ዕጣን የተሳለ ሰው ባስረከበ ጊዜ ስእለቱ ተፈጽሟል፤ ዕቃ ቤቱ ተቀብሎታል፣ ከእንግዲህ የቤተ ክርስቲያኑ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ዛፉን በደጀ ሰላም አስቀምጦ የሄደው ሰው የሰጠው ዛፉን ሳይሆን የዛፉን መጀመሪያ ነው። በጋ ሲሆን ደርቆ ከተጣለ እርሱ ሰጥቻለሁ ይላል፣ ደብሩም ተቀብያለሁ ይላል፣ ዛፉ ግን የለም። እኛ የምንመክረው እንዲህ ነው፤ ዛፍ የሚሳል ሰው ቢያንስ ሦስት በጋ እርሱ ራሱ ወይም በቤቱ ያለ ሰው የሚያጠጣው መሆኑን አብሮ ይሳል፤ ርቆ የሚኖር ከሆነ ለአጠጪው ሰው የሚሰጠውን አብሮ ይስጥ። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ሻማ ቢሳል ይሻለዋል፤ ሻማ የተሠራው ነድዶ እንዲያልቅ ነው፤ ጥድ ግን ለዚህ አልተፈጠረም። ካህናትም ስእለት እንዳይቀርብን ብለን ዝም ማለት አይገባንም። በብዙ ቦታ ከዕቃ ቤቱ በስተጀርባ የተቈለለው ባዶ ማሰሮ የማን ስእለት እንደ ነበረ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥ አይገኝም።

አሁን ወደ ዕቃው እንመለስ። ዕቃ ከሸክላም፣ ከእንጨትም፣ ከቆርቆሮም ቢሆን ከሥሩ ቀዳዳ ሊኖረው ግድ ነው። አንድ ቀዳዳ በአፈር ስለሚደፈን አራት አምስት ይሁን፤ ዕቃውም በሦስት ድንጋይ ላይ እንደ ምድጃ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ከታች ጠጠር መደልደል ውሃ ያወርዳል የሚለው የተለመደ ሐሳብ ግን ልክ አይደለም፤ ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሸካራ ጠጠር ፈጥኖ አይወርድም፣ ከድንበሩ ላይ ይቋጠራል፣ ጠጠሩም የሥሩን ቦታ ይሻማል። በቀዳዳው ላይ አንድ ስባሪ ሸክላ ማድረግ ይበቃል። የቆርቆሮ ዕቃ ሌላ ችግር አለበት፤ በተለይ ጥቁር ቀለም ከተቀባ ከሰዓት በኋላ ፀሓይ የሚመታው ጎኑ እንደ ምጣድ ይግላል፣ በዚያ በኩል ያለው ሥር ሁሉ ይቃጠላል። ስለዚህ ኖራ መቀባት፣ ወይም ትንሹን ዕቃ በትልቅ ዕቃ ውስጥ አስገብቶ መካከሉን በጭድ መሙላት ይረዳል። ስለ መጠኑም ስንናገር፣ ትንሽ ችግኝ በግማሽ በርሜል መትከል ቸርነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይጎመዝዛል። ዛፉ ሲያድግ ከዕቃ ወደ ዕቃ በጥቂት በጥቂቱ እያሰፉ ማሻገር ይገባል። ትልቁንም ዕቃ ከመሙላት በፊት ቦታው ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ቆርቆሮ አፈርና ውሃ ሲሞላ 30 ኪሎ ያህል ይመዝናልና በኋላ የሚገፋው አይገኝም።

ስለ አፈሩ የችግኝ ጣቢያ ሰዎች የለመዱት ልክ 3 እጅ የጫካ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ፍግ፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። ይህ ለትንሹ ከረጢት ይበቃል። ዓመታት ለሚቆይበት ዕቃ ግን አፈሩ እየተጨቆነ ስለሚጠብቅ ፍጉን ቀንሶ ደቃቅ ቀይ አሽ መጨመር ይሻላል፤ እርሱ አይበሰብስም፣ አየርም ያስገባል። መረሬ አፈር በምንም መንገድ አይሁን፤ በክረምት ይጣበቃል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅም ሥሩን ይበጥሳል። ያልበሰለ የዶሮ ኩስም ያቃጥላል። አንድ ነገር ግን አይታለፍ፤ ከአሮጌ ጥድ ሥር የተወሰደ አንድ እፍኝ አፈር ለአዲሱ ችግኝ እንደ እርሾ ነው። በዚያ አፈር ውስጥ በዐይን የማይታይ፣ ከሥሩ ጋር ተባብሮ የሚኖርና ምግብን ከሩቅ የሚያመጣለት የሻጋታ ወገን አለ። እፍኝ ያልነው በማወቅ ነው፤ በጆንያ እየዛቁ መውሰድ የእናቱን ሥር ማራቆት ነውና።

ስለ ዘሩ አጥብቀን እንናገራለን፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና። ጥድም ዝግባም ወንዴና ሴቴ ዛፋቸው ለየብቻ ነው። ስለዚህ በቅጽሩ ውስጥ አንድ ብቻ ሽማግሌ ጥድ የቀረበት ደብር ፍሬ የሚያፈራ ዘር አያገኝም፤ ወይ ወንዴው ጠፍቷል ወይ ሴቴዋ ጠፍታለች። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሥራ እንደ ሆነ የሚነገርለት የመናገሻ ጫካ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደ ተተከለ በትውፊት ይታወቃል። ንጉሡ ከሩቅ ዘር ማስመጣታቸው ለእኛም ምክር ነው፤ ከአንድ ዛፍ ሳይሆን ከብዙ ዛፎች፣ ቢቻልም ከጎረቤት ደብር ጫካ ጭምር ዘር መሰብሰብ ይገባል። የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች አሁን ያሉበት ሁኔታ ይህን ግድ ያደርገዋል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ባደረጉትና በ2007 እ.ኤ.አ. በፈጸሙት ጥናት 168 ዓይነት ዕፀዋት በእነዚያ ትንንሽ ደኖች ውስጥ ተጠብቀው እንደሚገኙ አሳይተዋል። በዚያው አካባቢ የተደረገው ምርምር ከብት በሚገባበት ስፍራ ቡቃያው እንደማይተርፍ፣ ከብት በተከለከለበት ግን እንደሚተካ አስረድቷል። አሮጌዎቹ ቆመዋል፤ ሕፃናቱ ግን የሉም። ከዚህ የተነሣ ዘሩን ለቅሞ ከከብት አፍ በራቀ ዕቃ ማብቀል ጊዜ የማይሰጠው ሥራ ሆኗል።

የጥድ ፍሬ ሲበስል ከአረንጓዴነት ወደ ጥቁር ሰማያዊነት ይለወጣል፤ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። አሽቶ ሥጋውን ማስወገድ፣ ዘሩንም በውሃ ውስጥ መጨመር ነው፤ የሚንሳፈፈው አብዛኛው ባዶ ስለ ሆነ ይጣላል፣ የሰመጠው አንድ ቀን ተዘፍዝፎ አሸዋ በበዛበት አፈር በዝርግ ዕቃ ይዘራል። በሳምንታት ውስጥ ይበቅላል፤ ነገር ግን ከተዘራው ብዙው እንደማይበቅል አስቀድሞ ማወቅ ተስፋ ከመቁረጥ ያድናል። የዝግባ ፍሬ ክብ ነው፤ ሲበስል ወደ ቢጫነት ይመለሳል፤ ውስጡ ያለው ቅርፊት እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። እንዳለ ከተዘራ ብዙ ወራት ይተኛል። ሥጋውን አስወግዶ ቅርፊቱን በመጠን ሰንጠቅ ማድረግ ያፋጥነዋል፤ ውስጡን የቀጠቀጠ ግን ዘር ሳይሆን ቆሎ አደረገው። ዝግባን የሚዘራ ሰው ትዕግሥት የሌለው እንደ ሆነ ለሌላ ሰው ይተውለት።

ከሁለቱ የትኛው በየት ይቁም ቢባል፣ ጥድ ፀሓይ ይወዳል፤ በጣራ ጥላ ሥር ያደረጉት እንደ ሆነ ይሳሳል፣ ከውስጥም ይደርቃል። ዝግባ በሕፃንነቱ ጥላ ስለሚችል ለግንቡ ጥግ፣ ለሕንጻው ሰሜንና ደቡብ ጥላ እርሱ ይሻላል፤ በዕቃም ከጥድ ይልቅ ታጋሽ ነው ብለን እናምናለን። የፈረንጅ ጥድ ፈጥኖ ያድጋል፣ በመቀስም እንደ ወደዱት ይቀረጻል፤ ፍጥነቱ ግን በዕቃ ላለ ዛፍ ጉዳት ነው፤ ዕቃውን ቶሎ ይሞላል፣ ውሃም አብዝቶ ይጠጣል። ስለ መቀሱም አንድ ሕግ አለ። ባሕር ዛፍ ቢቈርጡት ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ ጥድ ግን ከአረንጓዴው ቅጠል አልፎ እስከ ደረቁ እንጨት የተቈረጠ እንደ ሆነ ዳግመኛ ከዚያ አይበቅልም። ስለዚህ በየጊዜው ጫፍ ጫፉን ብቻ መንካት ነው፤ ሦስት ዓመት ትቶ በአንድ ቀን ላሳጥረው ያለ ሰው ራቁቱን ያስቀረዋል። ዕቃዎቹም ቤተ ክርስቲያኑ በሚዞርበት በዑደቱ መንገድ ላይ አይቁሙ፤ በጥምቀትና በሆሳዕና፣ በንግሥም ቀን ታቦት ያከበሩ ካህናትና ጃንጥላ የያዙ ዲያቆናት የሚያልፉበት ነውና። በበሩ ግራና ቀኝ፣ በግንቡ ጥግ፣ በደጀ ሰላሙ ዳር ይበቃቸዋል።

ስለ ገናም ጥቂት እንበል። በከተማ ለገና የጥድ ቅርንጫፍ፣ አንዳንዴም ሙሉ ለጋ ዛፍ ቈርጦ በቤት ማቆም ተለምዷል። ልማዱ ከጀርመን አገር የተነሣ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ውስጥ የለም፤ ጌታችን የተወለደበትን በዓል የምናከብረው በማኅሌቱና በቅዳሴው ነው። ቢሆንም ልጆቻቸውን ማስደሰት የሚወድዱ ወላጆችን በዚህ አንገሥጽም። ለሳምንት ደስታ ብሎ አሥር ዓመት ያደገ የሐበሻ ጥድ መቍረጥ ግን በደል ነው። ዛፍ ያስፈልገኛል የሚል ሰው በዕቃ የተተከለ ይያዝ፤ በዋዜማው ያስገባው፣ ከሳምንት ሳያልፍ ያውጣው፤ ከምድጃና ከመብራት ሙቀት ያርቀው፤ ዕለት ዕለት ያጠጣው። ታኅሣሥ 29 በበጋው መካከል ስለ ሆነ ውሃው በዚያ ጊዜ ቢቋረጥ ጉዳቱ የሚታየው ከጥምቀት በኋላ ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ አጥቢያዎቻችን ደግሞ ብዙዎቹ አስፋልት በከበበው ሕንጻ ውስጥ ስለሚያገለግሉ በዕቃ መትከል ይመቻቸዋል። ለእነርሱ ጠላቱ ውርጭ ነው። በመሬት ያለ ሥር ከላይ ብቻ ይበርደዋል፤ በዕቃ ያለው ግን ከአራቱም ጎን ይበርደዋል። አፈሩ ወደ በረዶ ሲለወጥ ዛፉ ውሃ መቅዳት አይችልም፣ ነፋሱ ግን ከቅጠሉ መውሰዱን አያቆምም። የእኛ ጥድ ይህን አይችልም፤ ከአገር ዘር አስመጥቶ በዚያ በረዶ ማቆም ናፍቆት እንጂ ጥበብ አይደለም። የዚያው አገር የጥድ ወገን፣ እርሱም ከሰፈራቸው ብርድ የባሰ ብርድ የሚችለው ይመረጥ፤ ክረምቱ ሳይገባ ጠግቦ ይጠጣ፤ ዕቃዎቹ ተጠጋግተው በግድግዳ ጥግ በጆንያና በጭድ ይሸፈኑ።

ወደ ሥሩ ጉዳይ እንመለስ፤ ከውሃ ቀጥሎ ብዙ ዛፍ የሚጠፋበት እርሱ ነው። በዕቃ ውስጥ ያለ ሥር ግድግዳ ሲያገኝ ዙሪያውን ይዞራል፣ እየወፈረም እንደ ገመድ ይጠመጠማል። እንዲህ ሆኖ ወደ መሬት የተተከለ ጥድ ለሁለት ሦስት ዓመት ደኅና መስሎ ያድጋል፤ በኋላ ያ ገመድ ግንዱን ያንቀዋል፣ ወይም ሥሩ ወደ ጎን ስላልተዘረጋ ነፋስ ይጥለዋል። በዕቃ ለሚኖረው በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ከዕቃው አውጥቶ የዞረውን የውጭ ሥር በተሳለ ቢላዋ ስስ አድርጎ መላጥ፣ በአዲስ አፈርም መመለስ ነው፤ ጊዜው ዝናም በሚጀምርበት ይሁን፤ ለአንድ ወርም በጥላ ይቆይ። ለችግኙ ከረጢት ግን በየጊዜው ከቦታው ማንሣትና ከሥር የወጣውን ጫፍ መቍረጥ ይበቃል።

ወደ መሬት የሚወጣው ችግኝ ከመውጣቱ በፊት ጥላው በጥቂት በጥቂቱ ይነሣለት፤ ውሃውም ይቀነስለት፤ ከጥላ በአንድ ቀን ወደ ተራራ ፀሓይ የወጣ ችግኝ ይደነግጣል። ዝናሙ ምድሩን ካራሰ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ፣ ጉድጓዱ አስቀድሞ ተቆፍሮ የቆየ ይሁን። ላስቲኩ በምላጭ ተቀድዶ ፈጽሞ ይውጣ። ከነላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ በብዙ ስፍራ አይተናል፤ ተካዩ የቸኰለበትን ሥራ ሥሩ ሊፈጽመው አይችልም። የዞረ ሥር ካለ በሦስት ጎን ከላይ ወደ ታች ይሰንጠቅ፤ አንገቱም በዕቃው ከነበረበት ልክ በላይ አይቀበር። ዙሪያውን በእሾህ ማጠር ከብት የሚያልፍበት ስፍራ ሁሉ ግዴታ ነው። ባዶ የቀረው ጣሳና ማሰሮ ደግሞ አሮጌው አፈር ተራግፎለት፣ ታጥቦ፣ በፀሓይ ደርቆ፣ ቀዳዳው ተከፍቶ ለሚመጣው ዓመት ዘር ከዝናም በተጠበቀ ስፍራ ይቀመጥ።